ፀሐይ ከጧቱ 2 ሰዓት የምትወጣበት ክረምት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ አውሮፓ የማስተማር ሥራዬ ጥቂት ከጻፍኩ በኋላ ከባሕር ዳር፣ ከዘጌና ከጎርጎራ የተላኩ ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚጠይቁት ስለ ክረምቱ ነው። ደግ አደረጉ፤ ወደዚያ የሚሄድ ሰው ኑሮው የሚቃናውም የሚጎብጠውም በእነዚያ አራት አምስት ወራት ነውና። ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስድስት ክረምት ያሳለፍኩት በደቡብ ጀርመን፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር ጋር በተጣበቀችው በኮንስታንስ ከተማ ነው። በዚያ በእንግሊዝኛ በሚያስተምር አንድ የግል ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የአማርኛ ፊደል አስቆጥር ነበር። ከተማዋ እንደ ባሕር ዳር ሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ናት፤ ዓባይ ከጣና ወጥቶ በድልድያችን ሥር እንደሚያልፍ ሁሉ፣ የራይን ወንዝም ከላይኛው ሐይቅ ወጥቶ ወደ ታችኛው የሚያልፈው በኮንስታንስ ድልድይ ሥር ነው። ስለዚህ በምመልስበት ጊዜ ሁለቱን ሐይቆች እያነጻጸርኩ ብጽፍ አንባቢ እንደማይሰለች ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በጂኦግራፊ ትምህርት አውሮፓ በታኅሣሥ ክረምት ነው ተብለን ተምረናል፤ እኛ ግን በታኅሣሥ ዝናብ እንኳ የለንም። ቃሉ ለሁለቱም ይሆናል ወይ? ደግሞስ ኮንስታንስ ከባሕር ዳር ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ከሆነች ቆላ መሆን ሲገባት ለምን ትበርዳለች? (ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄሽ ሁለት ቢመስልም ሥሩ አንድ ነው። እኛ ወቅትን የምንለየው በዝናብ ነው፤ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አከፋፈል ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለው የዝናብ ጊዜ ሲሆን የታኅሣሥ አብዛኛው ክፍል የሚውለው በመጸው ውስጥ ነው። አውሮፓውያን ግን ወቅትን የሚለዩት በፀሐይ ነው፤ ክረምት የሚሉትም ፀሐይ ዝቅ ብላ የምትሄድበትንና ቀኑ የሚያጥርበትን ጊዜ ነው። ሌላ ቃል ስለሌለን ሁለቱንም ክረምት እንላቸዋለን፤ አንቺ ግን የአውሮፓ ክረምት ሲባል ስትሰሚ ዝናብን ሳይሆን ጨለማንና ብርድን አስቢ።

ስለ ከፍታው መጠየቅሽ በጣም አስደስቶኛል። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሲገኝ የኮንስታንስ ሐይቅ ያለው 395 ሜትር ላይ ነው፤ በእኛ አገር እንዲህ ዝቅ ያለ ቦታ በረሃ ነው። እኛ ደጋ፣ ወይና ደጋና ቆላ ብለን አገሩን በከፍታ የምንከፍለው ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንንና ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአናታችን ብዙ ስለማትርቅ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ እንኳ አትሞላም፤ ኮንስታንስ ግን ወደ 48 ዲግሪ ትጠጋለች። እዚያ ብርድና ሙቀቱን የሚወስነው ከፍታው ብቻ ሳይሆን የፀሐይዋ አቅጣጫ ነው።

ይህን ለተማሪዎቼ የማሳየው በዘንግ ነበር። ቀኑ እጅግ አጭር በሚሆንበት በታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ሰማዩ የጠራ እንደሆነ፣ ወደ ግቢ አውጥቻቸው የአንድ ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርገን እናቆምና የቀትሩን ጥላ እንለካለን። ጥላው ሦስት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጎድለዋል። ልጆቹ ጓንታቸውን ሳያወልቁ ሜትሩን በበረዶው ላይ ሲዘረጉ እኔ ደግሞ፣ ያንኑ ዘንግ በዚያው ቀን ባሕር ዳር ላይ ብናቆመው ጥላው 70 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እንደሚሆን እነግራቸው ነበር። ፀሐይዋ ያችው ናት፤ ጨረሯ በሰያፍ ሲወርድ ግን በሰፊ መሬት ላይ ስለሚበተን አያሞቅም። አንቺም ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ሞክሪው፤ በተለይ በሚያዝያ 12 ቀን አካባቢ ቀትር ላይ ብታቆሙት ጥላው ከዘንጉ ሥር ጠፍቶ ታገኙታላችሁ፤ ፀሐይዋ በዚያን ሰሞን በትክክል በባሕር ዳር አናት ላይ ታልፋለችና።

ጥያቄ፦ እኔ የዘጌ ሰው ነኝ። ቡና ሸጬ ያስተማርኳት ልጄ በሚመጣው መስከረም ለሁለተኛ ዲግሪ እርስዎ ወደነበሩበት ከተማ ትሄዳለች። ብርዱ እንዳይጎዳት ምን ልቋጥርላት? ደግሞስ በስንት ሰዓት ብደውል አገኛታለሁ? (አንዲት እናት፣ ከዘጌ)

መልስ፦ እትዬ፣ እንኳን ደስ ያለዎት፤ ለልጅዎም መንገዱን ያቅናላት። ስለ ስልኩ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ፤ በፊት ስለ ልብሱ ልንገርዎት።

ጋቢ ይስጧት። ጋቢ አራት ድርብ የሆነው ያለ ብልሃት አይደለም፤ ሙቀቱን የሚይዘው በየድርቡ መካከል የሚቀረው አየር ነው። የአውሮፓ ልብስም በዚሁ ብልሃት የሚለበስ ነው፤ አንድ ወፍራም ካፖርት ከመልበስ ይልቅ ሁለት ሦስት ሳሳ ያሉ ልብሶችን ደራርቦ፣ በላይ ነፋስና እርጥበት የማያስገባ ጃኬት ማድረግ ይሻላል። ከገላ ጋር የሚጣበቀው ግን ጥጥ ባይሆን ጥሩ ነው፤ ጥጥ ላቡን ይዞ ይቆይና መልሶ ገላን ያቀዘቅዛል፤ ሱፍ ይመረጣል። ጋቢው ለቤት ውስጥ ነው፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ የፈተና ወረቀት ያረምኩት ጋቢ ተከናንቤ ነው። ካፖርቱንና ጫማውን ግን ከዚህ አይግዙላት። እኔ ከዚህ ይዤው የሄድኩት ጫማ ሶሉ ልሙጥ ስለነበር የመጀመሪያው በረዶ በጣለ ማግስት በትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ አንሸራትቶ ጣለኝና የእጄ አንጓ ሦስት ሳምንት በፋሻ ታስሮ ከረመ። ሶሉ የጎረበጠ የክረምት ጫማ ገና እንደደረሰች እዚያው ትግዛ፤ ገንዘብ ልታወጣበት የሚገባት የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው።

ቤት ስትከራይ ሁለት ዋጋ ይነግሯታል፤ አንደኛውን ቀዝቃዛ ኪራይ፣ ሁለተኛውን ሙቅ ኪራይ ይሉታል። ቀዝቃዛው የቤቱ ብቻ ሲሆን ሙቁ የማሞቂያን፣ የውሃንና የመሳሰሉትን ወጪዎች ይጨምራል፤ የኤሌክትሪክ ክፍያ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው ነው። የማሞቂያው ሒሳብ በየወሩ የሚከፈለው በግምት በመሆኑ በዓመት አንድ ጊዜ ተሰልቶ ይመጣል፤ ከግምቱ በላይ ያሞቀ ሰው ልዩነቱን ይከፍላል። መስኮትንም በሚመለከት አንድ ነገር ያስጨብጧት። በመጀመሪያው ክረምት ብርድ ይገባል ብዬ መስኮቴን ሁለት ወር ያህል ሳልከፍት ኖርኩ። በጥር ወር ቁም ሣጥኑን ገፋ ሳደርገው ከኋላው ያለው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበቴ ድረስ ጥቁር ሻጋታ አብቅሏል፤ ከትንፋሽ፣ ከምግብ ማብሰያና ከታጠበ ልብስ የሚወጣው እንፋሎት በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ውሃ ሆኖ ስለሚቀር ነው። ማስጠገኛውንም ከኪሴ ከፈልኩ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ አየሩን መቀየርና መልሶ መዝጋት የዚያ አገር ሰው ሁሉ ልማድ ነው፤ ቤቱም በዚህ አይቀዘቅዝም።

ነገር ግን እትዬ፣ ለልጅዎ የምፈራላት ብርዱን ሳይሆን ጨለማውን ነው። የእኛ ሰዓት ከፀሐይ ጋር የተቆራኘ ነው፤ 12 ሰዓት ሲባል ጎሕ መቅደዱን ወይም ፀሐይ ማዘቅዘቋን ሰዓት ሳናይ እናውቃለን። በኮንስታንስ በታኅሣሥ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በእኛ አነጋገር ከጧቱ 2 ሰዓት አልፎ ሲሆን ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። በዚያ ላይ ሐይቁ በበጋ የያዘውን ሙቀት ቀስ እያለ ስለሚለቅ ከጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ጉም በከተማዋ ላይ ይተኛል፤ አንዳንዴ ለቀናት ፀሐይ አትታይም። ተማሪ ጧት በጨለማ ገብቶ ማታ በጨለማ ይወጣል። በመጀመሪያው ዓመት በኅዳር ወር እንቅልፍ በዛብኝ፣ ምግብ አስጠላኝ፣ የሰው ስልክ ማንሣትም ተውኩ፤ ታምሜ ነው ብዬ ሐኪም ዘንድ ስሄድ የመጀመሪያ ጥያቄው "ቀትር ላይ የት ነው የምትውሉት?" የሚል ነበር። ከዚያ ወዲያ በምሳ ሰዓት ግማሽ ሰዓት በሐይቁ ዳር መራመድን እንደ ክፍለ ጊዜ ቆጠርኩት፤ ጉም ቢሆንም፣ በረዶ ቢሆንም አልተውኩትም። ልጅዎም ምሳዋን በክፍሏ እንዳትበላ አደራ ይበሏት።

ቫይታሚን ዲን በሚመለከት ደግሞ፣ በዚያ አገር ከጥቅምት እስከ መጋቢት ድረስ ፀሐይዋ ቆዳ ይህን ቫይታሚን እንዲሠራ የሚያስችል ጉልበት የላትም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ያለን ሰዎች ደግሞ በበጋውም ቢሆን ከሌላው የበለጠ ፀሐይ ያስፈልገናል። የጀርመን የሥነ ምግብ ማኅበር ቆዳ ራሱ ሊሠራ በማይችልበት ጊዜ ለአዋቂ ሰው የሚያስፈልገውን በቀን 20 ማይክሮ ግራም ብሎ ገምቶታል። ልጅዎ ገና ክረምቱ ሳይገባ ሐኪም አማክራ ደሟን ብታስመረምር መልካም ነው።

ጥያቄ፦ ዘጠኝ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተማርኩ መምህር ነኝ። በጀርመን የመንግሥት ትምህርት ቤት መቀጠር ይቻላል? የመምህሩ የክረምት ውሎስ ምን ይመስላል? (ከግሽ ዓባይ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በር የለም አልልዎትም፤ ሰፊ ነው ብዬም አላታልልዎትም። ጀርመን 16 ክልሎች ያሏት አገር ስትሆን ትምህርትን የሚመራው እያንዳንዱ ክልል ራሱ ነው፤ ስለዚህ የማስተማር ማስረጃዎን የሚገመግመው ሊሠሩበት የሚፈልጉት ክልል ነው። በመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ መምህር በአብዛኛው ሁለት የትምህርት ዓይነቶችን እንዲያስተምር ስለሚጠበቅ በኬሚስትሪ ብቻ የተመረቀ ሰው ሌላውን መማር ሊኖርበት ይችላል፤ ከዚያም በላይ ጀርመንኛውን ከስድስቱ የአውሮፓ የቋንቋ ደረጃዎች ከላይኞቹ ሁለቱ ማድረስ ይገባል። ይህ ዓመታት የሚወስድ ነገር ነው። ብዙዎቻችን የገባነው በእንግሊዝኛ በሚያስተምሩ የግል ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ጀርመንኛውን እዚሁ ሳሉ ይጀምሩ፤ ሳይጀምሩ የሄዱ ጓደኞቼ ሁሉ ተጸጽተዋል።

ውሎውን በሚመለከት፣ ትምህርት የሚጀመረው ከጧቱ 2 ሰዓት ሳይሞላ ነው፤ በታኅሣሥ ልጆቹ የሚመጡት ገና ሳይነጋ ነውና በቦርሳቸው ላይ የተሰፋው አንጸባራቂ ጨርቅ በመኪና መብራት ሲበራ ከሩቅ ይታያል። ሲነጋ በመስኮቱ እያየሁ የማስተምረው ሁለተኛውን ክፍለ ጊዜ ነበር። ፈተና ሲያርሙ ደግሞ ልብ ይበሉ፤ እዚያ 1 ከሁሉ የሚበልጥ ውጤት ሲሆን 6 የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ቅዳሜ አማርኛ የማስተምራቸው ልጆች ወላጆች ለአያቶቻቸው ስልክ ሲደውሉ "ልጁ 1 አመጣ" ብለው ቢነግሩ አያት እንዳትደነግጥ ማስረዳት ነበረባቸው።

ከሥራ በፊት የሚሠራ ሌላ ሥራም አለ። የምኖርበት ሕንፃ ስድስት ቤተሰብ ነበረበት፤ በየሳምንቱ ተራው የደረሰው ሰው በር ላይ የጽዳት ሳምንት የሚል ትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ይንጠለጠላል። በክረምት ያ ሰሌዳ በሩ ላይ የተገኘ ሰው ሌሊት የጣለውን በረዶ ከጧቱ 1 ሰዓት በፊት ከእግረኛ መንገዱ ላይ መጥረግ አለበት፤ አላፊ አግዳሚ ተንሸራትቶ ቢጎዳ በሕግ ያስጠይቃልና። የመጀመሪያው ቀን በረዶውን በአካፋ እያነሣሁ ስወረውር ወገቤ ሊቆረጥ ደረሰ። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት በመስኮት አይተውኝ ወርደው አካፋውን ከእጄ ተቀበሉና፣ ሳያነሡ በግንባሩ እየገፉ ወደ ዳር እንዴት እንደሚያስወግዱት አሳዩኝ፤ ከዚያም ከደረጃው ሥር ካለው ሣጥን አሸዋ በጣሳ ዘግነው ባጸዳሁት ላይ በተኑበት። በዚያች ጧት የተዋወቅን እስከ መጨረሻው ድረስ ቡና ተጠራርተን እንጠጣ ነበር፤ የዘጌን ቡናም ወደዱት።

በየካቲት ወር ገደማ፣ ከጾማቸው መግቢያ በፊት ባለው ሐሙስ፣ የእንጨት ጭምብል ያጠለቁ የከተማው ሰዎች ከበሮና መለከት ይዘው ወደየትምህርት ቤቱ ይገቡና ተማሪዎቹን ከመምህራን "ነጻ ያወጣሉ"፤ ትምህርትም ያን ቀን በዚያው ያበቃል። በዚያ አካባቢ የቆየ ባህል ስለሆነ፣ ድንገት በርዎ ሲበረገድ አይቆጡ፤ መጽሐፉን ዘግተው አብረው ይውጡ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በዚያ አካባቢ ትሠራለች፤ እኔና ልጆቻችን ልንከተላት የመኖሪያ ፈቃድ በመጠበቅ ላይ ነን። በክረምት መጓዝ ይቻላል ወይስ በቤት መቀመጥ ይሻላል? ድንበር መሻገርስ? (ከጣና ክፍለ ከተማ፣ ባሕር ዳር)

መልስ፦ ይጓዙ። በክረምት ቤት መቀመጥ ነው ሰውን የሚያደክመው።

በጀርመን የተሰጠ የጸና የመኖሪያ ፈቃድና ፓስፖርት የያዘ ሰው በሌሎቹ የሸንገን አገሮች (በጋራ ቪዛ በተስማሙት የአውሮፓ አገሮች) በየ180 ቀኑ ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ ያለ ሌላ ቪዛ መቆየት ይችላል። ስዊዘርላንድ የአውሮፓ ኅብረት አባል ባትሆንም እ.ኤ.አ. ከ2008 መጨረሻ ጀምሮ በዚህ ውስጥ ናት። ይሁንና ፓስፖርቱንም የፈቃድ ካርዱንም ሁለቱንም፣ የልጆቹንም ጭምር፣ ሁልጊዜ ይያዙ፤ በባቡር ውስጥ ድንገት ይጠየቃል። በጀርመን ውስጥ በአካባቢ ባቡሮችና አውቶቡሶች ሁሉ የሚያስኬድ ወርኃዊ ቲኬት አለ፤ በ2023 በ49 ዩሮ ተጀምሮ በ2025 ወደ 58 ዩሮ ከፍ ብሎ ነበር፤ ዋጋው ስለሚለዋወጥ ሲደርሱ ይጠይቁ። ፈጣኖቹ ባቡሮች ግን በዚህ ቲኬት አይሳፈሩባቸውም። ለክረምት ጉዞ ሙቅ ሻይ የያዘ ቴርሞስና ተጨማሪ የልጆች ካልሲ አይለይዎ፤ አንድ ጊዜ ባቡራችን በበረዶ ምክንያት በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ሁለት ሰዓት ቆሞ የተረፍነው በሻይ ነበር።

የት እንሂድ ካሉ፣ በመጀመሪያ ከጉሙ በላይ ይውጡ። ከኮንስታንስ ተነሥቶ በስዊዘርላንድ በኩል ዜንቲስ የሚባል 2,502 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ አለ፤ ከሥሩ በገመድ ላይ በሚንሸራተት ባቡር ይወጣል። አንድ የጥር ቅዳሜ ሦስት ሳምንት ፀሐይ ሳላይ ቆይቼ ወደዚያ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ድረስ መስታወቱ ነጭ እንጂ ምንም አይታይበትም ነበር፤ ከዚያ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተቀደደና ፀሐይዋ ፊቴን መታችኝ፤ አጠገቤ የነበረ ሕፃን "እማ፣ ሰማይ!" ብሎ ጮኸ። ከላይ ሲያዩት ጉሙ ከአድማስ እስከ አድማስ እንደ ጣና ተንጣሎ ተኝቷል፤ የተራራ ጫፎችም እንደ ደቅና ዳጋ ከመካከሉ ብቅ ብቅ ብለዋል። እዚያ የወጣ ሰው ለሁለት ሳምንት የሚበቃ ብርታት ይዞ ይወርዳል። ከከፍታው እንዳይፈሩ፤ ጎረቤታችን ደብረ ታቦር እንኳ ከዚያ ጫፍ ከፍ ትላለች።

ቀጥሎ ወደ ራይሸናው ደሴት ይሂዱ። እ.ኤ.አ. በ724 የተመሠረተ ገዳም የነበረባት፣ ዛሬም ሦስት ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ያሏት ደሴት ናት፤ ክብራን ገብርኤልንና ጣና ቂርቆስን ያየ ሰው እንግድነት አይሰማውም። በደሴቷና በየብሱ መካከል ያለው ውሃ ጥልቀት ስለሌለው ብዙ ጊዜ በረዶ ሆኖ ይረጋል፤ ልጆችዎ በበረዶ ላይ መንሸራተትን እዚያ ይማራሉ፤ የአካባቢው አስተዳደር ሳይፈቅድ ግን አንድ እርምጃ እንኳ አይግቡ። ከዚያ ደግሞ በሳንክት ጋለን የሚገኘው የጥንቱ ገዳም ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ወለሉ እንዳይጎዳ ጎብኚ ሁሉ በጫማው ላይ ትልልቅ የሱፍ ነጠላ ጫማ እንዲያጠልቅ ይደረጋል። የብራና መጻሕፍቱን ሲያዩ የየገዳሞቻችን ዕቃ ቤቶች ትዝ እንደሚሉዎት አልጠራጠርም።

ራቅ ያለ ጉዞ ካማረዎት ግን በመካከለኛው ጀርመን የምትገኘውን ጎታን ይዩ። ሩቅ ናት፣ በክረምትም ጸጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ለእኔ ግን ከየትኛውም ታላቅ ከተማ ትበልጥብኛለች። በአማራ ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1649 በሮም ከጀርመናዊው ሊቅ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተዋወቁ፤ በ1652 ደግሞ በመስፍኑ ግብዣ ወደ ጎታ መጥተው በፍሪደንስታይን ቤተ መንግሥት ለጥቂት ወራት ተቀምጠው አስተማሩት። ሉዶልፍ በ1698 በፍራንክፈርት ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ከዚያ ትምህርት የበቀለ ነው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ለመመለስ ሲጓዙ በ1658 በዛሬዋ ቱርክ ባለችው በእስክንድሩና አጠገብ መርከባቸው ተሰብሮ ዐረፉ። የቅዳሜ ተማሪዎቼን፣ ዕድሜያቸው ከዘጠኝ እስከ አሥራ ሦስት የሆኑ ስድስት ልጆችን፣ በአንድ የካቲት ወደዚያ ወስጃቸው በቤተ መንግሥቱ ግቢ በረዶ ላይ በእንጨት "ጎርጎርዮስ" ብለው ጻፉ። "ዮ"ን የሳተ አንድም ልጅ አልነበረም። ከእኔ በፊት፣ ባቡርም ማሞቂያም በሌለበት ዘመን፣ በዚያ አገር አማርኛ ያስተማረ ሰው መኖሩን ማወቄ በብዙ ጨለማ ጧቶች አበርትቶኛል።

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ ዲያቆን ነኝ። ጾመ ነቢያትን፣ ገናንና ጥምቀትን በዚያ እንዴት ያሳልፉ ነበር? እንጀራስ ይገኛል? (ከጎርጎራ)

መልስ፦ እንጀራው ይገኛል፤ ጤፍም በየትልልቁ ከተማ ባሉ የሐበሻ መደብሮች ይሸጣል። ችግሩ ሊጡ በብርድ አይቦካም። እኔ ቡሃቃውን በፎጣ ጠቅልዬ ከማሞቂያው አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀምጥ ነበር፤ እርሾው እንዲህ ሆኖ እንኳ አራት ቀን ሊወስድበት ይችላል። ማሞቂያው ላይ ግን አያስቀምጡት፤ ከታች ይበስልና ከላይ ጥሬ ይሆናል።

ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ ስለሚቆይ የእነሱ ገና፣ ታኅሣሥ 16፣ በጾማችን መካከል ይውላል። የሥራ ባልደረቦቼ ሲጋብዙኝ አልቀርም ነበር፤ አስቀድሜ እየነገርኳቸው የጾም ምግብ ለይተው ያቀርቡልኝ ነበር፤ እንዲያውም አንዷ ምስር ወጥ መሥራት ተማረች። በዚያ ክልል ታኅሣሥ 28 የሰብአ ሰገል በዓላቸው ሆኖ ሥራ ስለሚዘጋ ዋዜማችን በሰላም ያልፋል፤ የገና ዕለት ግን ሥራ የሚሆንበት ዓመት አለ። ስለዚህ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያናችን ወዳለበት ትልቅ ከተማ ሄዶ አስቀድሶ፣ ጧት በመጀመሪያው ባቡር ተመልሶ ክፍል የሚገባ ብዙ ነው፤ እኔም ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

በጥምቀት ዕለት ሆድ ይብሳል። ታቦታቱ ወደ ጣና ሲወርዱ በዓይኔ እየመጣ፣ ከሥራ በኋላ ብቻዬን ወደ ሐይቁ ዳር እሄድ ነበር። አንድ ዓመት ግን የሐይቁን ታሪክ ሰማሁና ተጽናናሁ። የኮንስታንስ ሐይቅ 251 ሜትር ድረስ ስለሚጠልቅ ሙሉ በሙሉ የሚረጋው እጅግ አልፎ አልፎ ነው፤ በረጋ ጊዜ ግን እ.ኤ.አ. ከ1573 ጀምሮ የወንጌላዊው ዮሐንስ ከእንጨት የተቀረጸ ምስል በካህናትና በምእመናን ታጅቦ በበረዶው ላይ ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይሻገራል። ለመጨረሻ ጊዜ የተሻገረው በእኛ አቆጣጠር የካቲት 5 ቀን 1955 ከጀርመኗ ሃግናው ወደ ስዊዘርላንዷ ሙንስተርሊንገን ነው። ከዚያ ወዲህ ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ስላልረጋ ምስሉ እስከ ዛሬ በሙንስተርሊንገን ቤተ ክርስቲያን መሻገሪያውን እየጠበቀ ነው። ሄጄ አየሁት፤ ከጎኑ ተቀምጬም የጥምቀትን ወረብ በለሆሳስ አዜምኩ።

አሁን ወደ ዘጌዋ እናት ጥያቄ ልመለስ። እትዬ፣ እዚያ ሰዓትን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀይሩታል፤ ከመጋቢት አጋማሽ በኋላ ካለው የፈረንጆቹ ወር የመጨረሻ እሑድ ጀምሮ እኛ በአንድ ሰዓት እንቀድማቸዋለን፤ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ካለው የወሩ የመጨረሻ እሑድ ወዲህ ደግሞ በሁለት ሰዓት። ጧት ቀድመው አይደውሉ፤ በታኅሣሥ ፀሐይ በዘጌ ከወጣች ከሦስት ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው በኮንስታንስ የምትወጣው። ማታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በጣና ላይ የምትጠልቀው በእኛ ሰዓት 12 ሰዓት ከሩብ ገደማ ሲሆን በኮንስታንስ ሐይቅ ላይ የምትጠልቀውም በዚያው በእኛ ሰዓት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። በሁለቱ መካከል ሃያ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው ያለው። ጨለማው የሚከብዳትም በዚያች ሰዓት ስለሆነ፣ ታንኳዎቹ ወደ ዳር ሲመለሱ ባዩ ጊዜ ይደውሉላት።